ወላጅ ነህ ወይስ መምህር

ፎርም እፈራለሁ። ውሻ የሚፈራ ሰው አለ፤ መብረቅ የሚፈራም አለ። እኔን የሚያስፈራኝ ባዶ ሳጥን የተሰለፈበት ወረቀት ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። እስክሪብቶውን ገና ሳነሳው እጄን ያልበኛል። አንዲት ፊደል ብሳሳት ፖሊስ በር የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ሳቁ እንጂ፣ ግድ የለም። ልጄም ትስቃለች።

ይህ ጠባይ ከሙያዬ የመጣ ይመስለኛል። እዚሁ ፒያሳ፣ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ አርባ ዓመት ያህል ልብስ ሰፍቻለሁ። የተበላሸ ስፌት ይተረተራል፤ እንደገና ይሰፋል። መቀስ የገባበት ጨርቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሰው ሱፍ አበላሽቶ ከባለቤቱ ጋር መተያየት ምን እንደሚመስል አንዴ አይቼዋለሁ። ሰውየው ሙሽራ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልለካሁትን አልነካም፣ ያላነበብኩትን አልፈርምም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ማንበቡ ላይ ግን አልታማም፤ ብቻ ቀስ እላለሁ። አሁን ሱቁም የለም፣ መንገዱም ሰፍቶ ሌላ መንገድ ሆኗል፣ እኔም ቤት እውላለሁ። ቤት የዋለ ሽማግሌ ከፎርም ያመለጠ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ኤልዳና የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት። እናቷ ሰናይት፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሥራዋ ሩቅ ስለሆነ በማለዳ የታክሲ ሰልፍ ይዛ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጣጣ የእኔ ድርሻ ነው። ደብተር መሸፈን እኔ፣ ዩኒፎርም ማስረዘም እኔ፣ ስብሰባ መሄድ እኔ። ኤልዳና የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ «እርስዎ» ትላለች፤ እኔን ብቻ «አባባ፣ አንተ» ነው የምትለኝ። ደስ ስለሚለኝ አላረምኳትም።

መስከረም ላይ የሳይንስ መምህሯ ወላጆችን ሰበሰበን። ናሆም ይባላል። ከልጄ ያንሳል፤ ግን መምህር ነውና «እርስዎ» እለዋለሁ። ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳን። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከጠርሙሱ ይልቅ ቁልፉ ይበዛል አለ። እሱ ግን ኢንተርኔት ላይ ሳይንስን በሥዕልና በሙከራ የሚያስተምር ገጽ አግኝቷል። በነፃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሆኖ በስልክ ይመዘገባል፤ ትምህርቱን ያያል፤ ጥያቄውን ይሠራል። ከመቶው ሃያው ማርክ የሚያዘው ከዚያ ነው።

አንዲት እናት ተነሱና «ስልክ ይዘው ዳንስ ቢያዩስ?» ብለው ጠየቁ።

«ዳንሱንማ ያዩታል እናቴ» አላቸው ረጋ ብሎ። «እኔ የምለው በመሃል ሳንባም ይዩ ነው።»

ከዚያ መብራቱን አጠፋና ግድግዳው ላይ ልብ አሳየን። እውነተኛ ልብ የመሰለ፣ የሚመታ። ደሙ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ለክቻለሁ፤ ከውስጡ ያለውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ለዚህ ሰው የሚጠይቀኝን ሁሉ እሞላለታለሁ ብዬ ወጣሁ። አንዳንድ ጊዜ ሰው ቸኩሎ ለራሱ ቃል ይገባል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ኤልዳና ለምዝገባው ተቀመጥን። እጄን ታጠብኩ፤ መነጽሬን ወለወልኩ። ገጹ አማርኛ ይችላል ተብሏል። መቻሉንስ ይችላል፤ ያስተማረው ሰው ማን እንደሆነ ነው እንጂ ያልገባኝ። ገና ከመክፈታችን «መለያ ፍጠር» አለን። መፍጠር የማን ሥራ እንደሆነ እያወቅን ፈራ ተባ እያልን ነካነው። ቀጥሎ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ተጠቃሚ» አለ። ገና በሩ ላይ ነን፤ ምኑን ተጠቀምን? ደግሞስ «መጣህ» የሚለው ማንን ነው? ኤልዳናን ከሆነ ሴት ናት። እኔን ከሆነ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ።

«አባባ፣ እሱን ተወውና ወደታች ውረድ» አለችኝ።

ወረድኩ። የትውልድ ቀን ይላል። ሦስት ተሽከርካሪ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለወር፣ አንዱ ለዓመት። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቁጥሩ እንደ ክር ማጠንጠኛ ይዞራል።

«ልጆቹ ዝም ብላችሁ አሽከርክሩትና እሺ ሲላችሁ ተዉት ብለዋል» አለች ኤልዳና።

ደነገጥኩ። «ፎርም ላይ ውሸት አይጻፍም» አልኳት። «ለስልክ መዋሸት የለመደ ልጅ ነገ ዳኛ ፊት ቆሞም ይዋሻል።» እንዲህ ያለውን ነገር ስናገር ድምፄ ይጎረንናል። ተነስቼ ሳጥን ከፈትኩና የክርስትና ካርዷን አመጣሁ። ጥር 12 ቀን 2005፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት። ጥር ስንተኛ ወር ነው? መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። አምስተኛ። አሥራ ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት ሺህ አምስት። ሦስት ጊዜ ከካርዱ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው። ነካሁት።

ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሁለት ሳጥን አወጣና እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «ወላጅ ነህ ወይስ መምህር?»

ተያየን።

«ተማሪ የሚል ከታች ተሸሽጎ እንደሆነ እስቲ እዪ» አልኳት። ወደታች ገፋች፣ ወደላይ ገፋች። የለም። ሁለት ብቻ ነው። ወላጅ ወይም መምህር።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ወላጅ ማለት የወለደ ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በአንድ እጄ የክርስትና ካርዷን ይዤ በሌላው እጄ ወልዳለች ብዬ ልመስክር? አፌም እሺ አይል፣ ጣቴም እሺ አይል። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ወረዳ ቢደርስስ? ሰው ቢያየውስ? መምህር ብንል ግን ምን ክፋት አለው? መቼም ነውር አይደለም። አንድ ቀን ትሆን ይሆናል።

«መምህር በይው» አልኳት። «ምርቃት ነው።»

«አሜን» አለችና ነካችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የደስታ ነበሩ። ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኬን ትወስዳለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቅጠል ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። አሲድ ከሌላ ነገር ጋር ይቀላቀላል፤ ቀለሙ ይለወጣል። ስትሳሳት ጠርሙሱ ይፈነዳና ስልኩ «እንደገና ሞክር» ይላታል። አይ ዕድል። እኔ በመቀስ ዘመኔ «እንደገና ሞክር» የሚል ጨርቅ አላጋጠመኝም።

የጥያቄው ነገር ደግሞ ይብሳል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር በአረንጓዴ ፊደል መልሱ ተጽፏል።

«አባባ፣ መልሱንም እኮ ይነግርሃል» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን፣ ግራ እንደመጋባት ብላ።

እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? ዘመናዊ ትምህርት ርኅራኄ አለው አልኩ። በእኛ ጊዜ መልሱ መምህሩ ዘንድ ነበር፤ ከአርጩሜው ሥር። ካመናችሁኝ አንድ ነገር ልጨምር። «ስትገለብጪ እንዳትሳሳቺ ተጠንቀቂ» ብያታለሁ። ሃያ ከሃያ፣ ሃያ ከሃያ፣ ሃያ ከሃያ። ማታ ሰናይት ስትገባ እናሳያታለን። ሰናይት ደክሟት ነው የምትገባው፤ ልጇን ሳም አድርጋ «በአያቷ ወጣች» ትላለች። እኔም አላስተባብልም።

አንድ ሐሙስ ቀን ኤልዳና ለምሳ መጣችና ቦርሳዋን ወርውራ አልጋ ላይ ተደፋች። ደብተሯን ስከፍተው በቀይ እስክሪብቶ «ወላጅ ይቅረብ» ተብሎ ተጽፏል። የሆነውን በለቅሶ መሃል ነገረችኝ።

መምህር ናሆም የክፍሉን ስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ከፍቶ የሠራ ያልሠራውን ሊያሳይ ነበር። የአርባ አምስት ልጆች ስም በተርታ አለ። የኤልዳና የለም። ወደላይ ሲወጣ ከራሱ ስም ጎን አገኛት። «መምህራን፦ ናሆም፣ ኤልዳና» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ቲቸር ኤልዳና፣ የቤት ሥራ ቀንሽልን» አላት፤ ሌላው «እሷ እኮ ስታፍ ነው ሻይ የምትጠጣው» አለ። መምህሩም መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን ከፍቶ ሲያይ የጥያቄውን ሁሉ መልስ እያየች ነው የሠራችው። ዕድሜዋም ሃያ ተብሎ ተመዝግቧል። ፊቱ ተለወጠ። ሆን ብላ ዕድሜዋን ጨምራ በመምህር በር ገብታለች አለ፤ ሃያውን ማርክ ዜሮ አደረገው። ገጹ ደግሞ የወሰነ ትምህርቱን ማርክ ነገ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ዜሮ ዜሮ ሆኖ ይቀራል።

«ክፍሉ ሁሉ አጭበርባሪ ይለኛል» አለች። «እኔ አልሄድም። ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡኝ።»

ያ ሱፉን ያበላሸሁበት ሙሽራ እንደገና ፊቴ የቆመ መሰለኝ። ሃያ ዓመት ከየት መጣ? ካርዱን አወጣሁ። ስልኩን አየሁ። ሁለት ሺህ አምስት። ልክ ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

አርብ ጠዋት ኤልዳናን እያባበልኩ ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ ማኪያቶ የምጠጣባት ቤት ጎራ አልን፤ እንዲያው እግሬ እምቢ ቢለኝ ነው። ለማ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። ለማ የድሮ ባለታክሲ ነው፤ ምላሱ እስከዛሬ ፍሬን የለውም። ጉዳዩን ነገርኩት። ጣቱን እያጠፈ አሰበና ሳቁን መያዝ አቃተው።

«የኛን ዓመት ለፈረንጅ ስልክ ሰጠኸው?» አለኝ። «አባተ፣ ልጅቷን እኮ በአንድ ቅዳሜ ስምንት ዓመት አሳደግካት።»

የማኪያቶውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«በክንድ ለክተህ በሜትር ቆረጥከው ማለት ነው» አለ። «ፒያሳ ውስጥ ሰው ዕድሜውን ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይቼ አላውቅም። አንቺስ ቲቸር፣ ሃያ ዓመት እንዴት ነው? ጉልበት ይሰማል?»

ኤልዳና ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ባለታክሲውን ስለዚህች ሳቅ ስል ይቅር አልኩት። ማኪያቶውን ሳልጨርስ ወደ አፍንጮ በር አቅጣጫ ዳገቱን ተያያዝነው።

መምህር ናሆም በክብር ነው የተቀበለኝ። ወንበር ሳበልኝ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። «አባት፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ለዚህ ነው የከፋኝ» አለ። እኔ ምንም ሳልናገር የክርስትና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ግንባሩን ያዘ።

«ይኼ እኮ የእኛ አቆጣጠር ነው።»

«የማን እንዲሆን ፈልገው ነበር?» አልኩት። ማላገጤ አልነበረም፤ እውነቴን ነው።

«በፈረንጅ መሙላት እንዳለባችሁ ስብሰባው ላይ አልተናገርኩም እንዴ?»

«እኛ የሰማነው ስለ ሳንባ ነው።»

ከዚያ ወላጅ ወይስ መምህር የተባልንበትን ነገርኩት፤ ወላጅ ማለት ለምን እንዳልሆነልኝም ነገርኩት። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ወደ ኤልዳና ዞረና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አላት። መምህር ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የት እንደማይ ጠፋኝ።

«ሌሎቹ ልጆችስ እንዴት አለፉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሌሎቹ እሺ እስኪላቸው አሽከርክረውት ነው» አለ። «ግማሾቹ የተወለዱት አንድ ቀን ነው።»

ሰዓቱን አየን። አምስት ሰዓት አልፏል። የድሮውን ሰርዞ አዲስ ጀመረልን፤ የማጠቃለያውን ሃያ ጥያቄ ከሠራች ይበቃል አለ። ጥር 12 በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሆነ። ነካው። ስልኩ አሰበና «ዕድሜህ አልደረሰም። ወላጅ ይመዝገብልህ» አለ። ሃያ ስትሆን በዛ፣ አሥራ ሁለት ስትሆን አነሰ። ግድ የለም፤ አሁን ወላጅ የተባለው እኔ ነኝ። ሳጥኑን ያለ ፍርሃት ነካሁት። ስሜን ጻፍኩ፣ የአባቴን ጻፍኩ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? የትውልድ ቀን።

እጄ ቆመ።

«መቼ ተወለዱ አባት? ልቀይርልዎት» አለ መምህሩ።

እንግዲህ ላልደብቃችሁ። የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም። እናቴ ገብስ ሲታጨድ ነው ትል ነበር፤ የየትኛው ዓመት ገብስ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። አዲስ አበባ ገብቼ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ የቀበሌው ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝና «ስንት ልበልህ?» አለኝ። «ለእርስዎ እንደተመቸዎት» አልኩት። መስከረም 1 ቀን 1942 ብሎ ጻፈልኝ። ቁጥሩ ደስ ብሎት መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ በዚያው አርጅቻለሁ።

ይህንኑ ለመምህሩ በሹክሹክታ ነገርኩት። ኤልዳና ጆሮዋ ቀጭን ነው።

«አባባ» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። «ፎርም ላይ ውሸት አይጻፍም ብለኸኝ አልነበር?»

መምህሩ መስኮት መስኮት ያይ ጀመር። እኔ ስልኩን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አላውቅም የሚል ሳጥን ይኖር እንደሆነ ወደታች ገፋሁ። የለም። አምስት ሰዓት ተኩል። ሃያ ጥያቄ ይቀራል።

«ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፣ አርባ ዘጠኝ» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲያው ለራሱ የሚያሰላ መስሎ።

ጻፍኩት። የክርስትና ካርድ አልጠየቀኝም፤ ወላጅ ነህ ወይስ መምህር አላለኝም። ወዲያው አረንጓዴ ምልክት አደረገና በሩን ከፈተልን። ከካርድ የተገለበጠው እውነት ልጅቷን አጭበርባሪ ሲያሰኛት፣ የቀበሌ ጸሐፊ የደነገገው ልደት ያለ አንዲት ጥያቄ አለፈ።

ኤልዳና እዚያው ጥግ ላይ ተቀመጠች። አሁን ከጥያቄው ሥር አረንጓዴ ፊደል የለም። ጥፍሯን እየነከሰች፣ አንዳንዴ ጣሪያ እያየች ሠራች። እኔ ከጥያቄው ሁለቱን አውቄ ነበር፤ አፌን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጨረሰች። አሥራ ሰባት ከሃያ።

መምህሩ ክፍል ድረስ ይዟት ሄደ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። «ኤልዳና አልዋሸችም። ስሌቱን ሳልነግራችሁ የቀረሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ከኋላ አንዱ ድምፅ «ቲቸር፣ ታዲያ ከሥራ ተሰናበተች ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሌላ ትምህርት ቤት የሚለው ነገር እዚያው ቀረ።

ዳገቱን ስንወርድ መሬት መሬት እያየች ትራመድ ጀመር። እንዲህ ስትሆን ጥያቄ እየቆረጠች እንደሆነ አውቃለሁ።

«አባባ፣ በእውነተኛው ልደቴ ሃያ ከሃያ ሳገኝ አጭበርባሪ ተባልኩ። ባንተ የውሸት ልደት አሥራ ሰባት ሳገኝ ጎበዝ ተባልኩ። ከእንግዲህ ፎርም ላይ ምን ልጻፍ?»

ከባድ ነው። ድምፄን ላጎረንን ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

«ካርድሽ ላይ ያለውን ጻፊ» አልኳት በመጨረሻ። «ብቻ ከመጻፍሽ በፊት በማን ቆጠራ እንደሆነ ጠይቂ።»

«እሺ። አንተስ? ስንት ዓመቱ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ስንት ልበል?»

ቆም ብዬ ግራ ቀኙን አየሁ።

«የጠየቀሽ ማነው?» አልኳት።